ከድሬዳዋ ሐረር፦ የድሮ መኪኖች የቅዳሜና እሑድ ራሊ አዘገጃጀት

ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ያለው የአስፋልት መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በዚህ መስመር የድሮ መኪኖችን ራሊ ለማዘጋጀት የሚነሣ ክበብ በመጀመሪያ «ለሁለት ቀን የሚበቃ መንገድ አይደለም» ብሎ ያስባል። መንገዱን በአርባና በሃምሳ ዓመት መኪና የሞከረ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ ከከተማዋ ሲወጣ የሚጀምረው የደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት መኪናውን በአጭር ርቀት ወደ 2,000 ሜትር ያደርሰዋል፤ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነች። የጅቡቲው ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ወደ ሐረር መውጣቱን ትቶ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላትን የባቡር ከተማ የቆረቆረው ይኸው ዳገት አላስጠጋ ስላለው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረበው ዝግጅት ሁሉ፣ ከምዝገባው እስከ ነጥብ አሰጣጡ፣ ደንገጎን ቅዳሜ ለመውጣትና እሑድ ለመውረድ ታስቦ የተቀመረ ነው።

የራሊውን ዓይነት መወሰን

በሕዝብ መንገድ ላይ የፍጥነት ውድድር ማድረግ አይቻልም፤ አይገባምም። ለዚህ መስመር የሚስማማው በሌላው ዓለም ያሉ የድሮ መኪና ክበቦች የሚያዘወትሩት የአማካይ ፍጥነት ራሊ ነው። በዚህ ዓይነቱ ራሊ አዘጋጁ ለእያንዳንዱ የመንገድ ክፍል አንድ አማካይ ፍጥነት ይወስናል፤ ሾፌሩና አጠገቡ ተቀምጦ መንገዱን የሚመራው ባልደረባው ያንን ፍጥነት ጠብቀው መቆጣጠሪያ ጣቢያ ላይ በተባለው ደቂቃ ለመድረስ ይጥራሉ። የሚያሸንፈው የቀደመው አይደለም፤ በሰዓቱ የደረሰው ነው። ይህ አሠራር ደካማ ሞተር ያለውን መኪና ከጠንካራው ጋር ያስተካክላል፤ ለትራፊክ ፖሊስም ለማስረዳት ይቀላል።

ለመሳተፍ የሚችሉትን መኪኖች መለየት

ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን አንድን መኪና ታሪካዊ ነው የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ ከመጀመሪያ ይዞታው ያልወጣና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማያገለግል ሲሆን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስፈርቶች መቀበል ይገባል። ሦስተኛውን ግን ለዚህ ራሊ መውሰድ፣ በአስተያየቴ፣ የሐረርን ልጆች ከገዛ ቤታቸው በር ላይ መመለስ ይሆናል። ሐረር በኢትዮጵያ በፔጆ 404 ታክሲዎቿ የምትታወቅ ከተማ ናት፤ እነዚህ ሰማያዊ መኪኖች እስከ ዛሬ የቆዩት ተሳፋሪ ሲያመላልሱ እንጂ ሸራ ለብሰው ጋራዥ ውስጥ ተቀምጠው አይደለም። 404 በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 የተመረተ፣ 1,618 ሲሲ ሞተሩ ወደ ጎን ጋደል ብሎ የተቀመጠ፣ ማርሹ ከመሪው ሥር የሚቀያየር መኪና ሲሆን፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለውን መኪና «ሥራ ላይ ነው» ብሎ ከራሊ ማስቀረት አያስኬድም።

ስለዚህ ሁለት ምድብ ይከፈት፦ አንዱ ለባለንብረቶች የቅዳሜና እሑድ መኪኖች፣ ሌላው እንጀራ ለሚበላባቸው የድሮ መኪኖች። ለሁለተኛው ምድብ የመመዝገቢያ ክፍያ አይጠየቅ፤ ታክሲው ሁለት ቀን ከሥራ ስለሚቀር ቢያንስ የነዳጁ ወጪ ይሸፈንለት። አንጋፋዎቹን ሾፌሮች በደብዳቤ ከመጥራት ይልቅ ተሰልፈው ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ሄዶ «ጋሼ፣ ያለ እርስዎ መኪና ይህ ነገር አይሞላም» ብሎ መለመን ይሻላል። እነዚህ ሰዎች ደንገጎ ላይ የትኛው ኩርባ በየትኛው ማርሽ እንደሚወጣ ያውቃሉ፤ ለተሳታፊዎቹ መስመሩን የሚያሳየውን የመንገድ መጽሐፍ ሲያዘጋጁ አንዱን አጠገብዎ ያስቀምጡ።

ቀን መምረጥና ፈቃድ ማውጣት

ምቹው ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ሙቀት ሞተሩን ገና ዳገቱ ሳይጀምር ያደክመዋል። በክረምት ደግሞ ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አለ፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ በጣለ ዝናብ ሊሞላ ይችላል፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያደረሰው እልቂትም አልተረሳም። ከምቹው ወቅት ውስጥም ታኅሣሥ 19 የሚውልበት ሳምንት ፈጽሞ መወገድ አለበት፤ የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ ከአዲስ አበባም ከድሬዳዋም ስለሚጎርፍ ደንገጎ ላይ አማካይ ፍጥነት መጠበቅ ቀርቶ ማለፍም ይቸግራል። ጥምቀትና የረመዳን ወርም ከዕቅዱ ውጭ ይሁኑ።

ፈቃዱን በሚመለከት ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። መንገዱ አጭር ቢሆንም በሦስት አስተዳደሮች ውስጥ ያልፋል፦ መነሻው በድሬዳዋ አስተዳደር፣ መሀሉ በኦሮሚያ ክልል ምሥራቅ ሐረርጌ ዞን፣ መድረሻው በሐረሪ ክልል ነው። ድሬዳዋ ላይ የተሰጠ ፈቃድ ሐረማያ ላይ ለቆመ ትራፊክ ፖሊስ ምንም አይነግረውም። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ደብዳቤ፣ ከመኪኖቹ ዝርዝርና ከታርጋ ቁጥራቸው፣ ከመነሻ ሰዓትና ከመቆጣጠሪያ ጣቢያዎቹ ቦታ ጋር ቀደም ብሎ ይግባ፤ «የፍጥነት ውድድር አይደለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በደብዳቤው የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ይስፈር። የተማኅተሙት ደብዳቤዎች ቅጂ በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ ይኑር። እያንዳንዱ ተሳታፊ ሊብሬ፣ የዘመኑ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድንና መንጃ ፈቃድ ማቅረብ አለበት፤ ቦሎ የሌለው መኪና ምንም ያህል ቢያምር አይነሣም። መቆጣጠሪያ ጣቢያ ላይ የሚቆሙት ሰዎች ኦሮምኛ የሚችሉ ይሁኑ፤ ለምን እንደቆሙ ለአላፊ አግዳሚው ማስረዳታቸው ስለማይቀር።

መስመሩን መለካትና የመንገድ መጽሐፍ ማዘጋጀት

ራሊው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። አዘጋጁ መስመሩን በአንድ መኪና፣ በተለመደ የጎማ ነፋስ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ነድቶ ይለካ፤ ሁለቱ ልኬቶች ካልተቀራረቡ ሦስተኛ ይጨምር። መነሻው የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ቢሆን ይመረጣል፤ ቦታው ሰፊ ነው፣ ከዚያ የሚወጣው የከዚራ መንገድም በዛፍ የተጠለለ በመሆኑ የሚጠባበቁ መኪኖች ፀሐይ ላይ አይቆሙም።

በመንገድ መጽሐፉ ላይ እያንዳንዱ መስመር አራት ነገር ይይዛል፦ ከመነሻው የተቆጠረ ጠቅላላ ርቀት፣ ካለፈው ምልክት የተቆጠረ ርቀት፣ የመገንጠያው ቀላል ሥዕልና አጭር ማሳሰቢያ። ሥዕሉ ላይ መኪናው የሚመጣበት መንገድ ሁልጊዜ ከታች በነጥብ ይጀምር፣ የሚሄድበት በቀስት ይለቅ። ምልክት አድርገው የሚመርጡት ነገር ነገ የሚጠፋ አይሁን፤ «የሐብሐብ ሻጮች ያሉበት» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም፣ ድልድይ፣ የመስጊድ ሚናራ፣ የነዳጅ ማደያና የኪሎ ሜትር ድንጋይ ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም። ደንገጎ አናት ላይ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ የሚገናኝበት መገንጠያ በትልቅ ሥዕል ይቅረብ፤ ወደ ሐረር የሚሄደው መስመር ከዚያ በኋላ በአዴሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ነው።

የተሳታፊዎቹ መኪኖች ቆጣሪ ከአዘጋጁ ቆጣሪ ጋር እንደማይስማማ አስቀድሞ ይታወቅ። ጎማው ከመጀመሪያው ልክ ካነሰ ቆጣሪው ከእውነተኛው ርቀት በላይ ያነባል፣ ከበለጠ ደግሞ ያሳንሳል። ስለዚህ ከተማው ዳር፣ ሜዳ በሆነ ቦታ፣ አዘጋጁ የለካው የ5 ኪሎ ሜትር ክፍል ዓርብ ዕለት ይሰጣቸው። የአንዱ መኪና ቆጣሪ በዚያ ክፍል 5.2 ካነበበ፣ በመጽሐፉ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ርቀት በ1.04 አብዝቶ ይጓዛል ማለት ነው።

ለፍጥነቱ ለስሌት የሚያመቹ ቁጥሮች ይመረጡ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በደቂቃ 500 ሜትር ነው፤ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር በደቂቃ 600 ሜትር ነው። የመጀመሪያውን ለዳገቱ፣ ሁለተኛውን ከደንገጎ በኋላ ላለው መንገድ መስጠት ያለ ካልኩሌተር ለማሰብ ያስችላል። መኪኖቹ በየሦስት ደቂቃው ልዩነት ይነሡ። የመጀመሪያው መኪና ጠዋት 1፡00 ሰዓት ከተነሣ አራተኛው በ1፡09 ይነሣል፤ የመጀመሪያው መቆጣጠሪያ 9 ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆንና ፍጥነቱ 30 ቢሆን፣ መንገዱ 18 ደቂቃ ስለሚወስድ መድረሻ ሰዓቱ 1፡27 ነው። የሰዓት መዝጋቢዎቹ ሰዓቶች ሁሉ ዓርብ ማታ በአንድ ስልክ ላይ ይስተካከሉ። ከሚታወቁት ጣቢያዎች በተጨማሪ ቦታቸው ያልተነገረ አንድ ሁለት ጣቢያዎች ይቀመጡ፣ አለዚያ ሰዉ መጀመሪያ ፈጥኖ ጣቢያው አጠገብ ቆሞ ሰዓት ይገድላል። ማንኛውም ጣቢያ ግን ከኩርባ በኋላ አይተከል።

የዓርብ ምርመራ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱን መኪና አንድ መካኒክ ይመርምር። ዳገቱን በማሰብ የሚታየው ራዲያተር ነው፤ የጎማ ቱቦዎቹ ሲጨመቁ የሚሰነጠቁ ከሆነ ይቀየሩ፣ ቱቦዎቹን የሚያስሩት ፋሸታዎች ይጥበቁ፣ የክዳኑ ጎሚኒ ደኅና መሆኑ ይታይ። ውኃ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ እንዲታገሥ የሚያደርገው የክዳኑ ግፊት ስለሆነ፣ የላላ ክዳን ያለው መኪና ደንገጎን ሳይጨርስ ያፈላል። 404 በሙቀት የሚታዘዝ፣ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚያያዝ ቬንትሌተር አለው፤ ሽቦው ተበጥሶ ቬንትሌተሩ እንዲያው በነፋስ የሚሽከረከር መኪና ለከተማ ጉዞ ይበቃ ይሆናል፣ ለዚህ ዳገት ግን አይበቃም። ሞተሩ ሞቆ ሲያያዝ ድምፁ ይሰማል፤ እስኪሰማ ይጠበቅ። ቮልስ ራዲያተር ስለሌለው ከዚህ ጣጣ ነፃ ይመስላል፤ ነገር ግን ዲናሞውንም ማቀዝቀዣ ቬንትሌተሩንም የሚያዞረው አንድ ቺንጊያ ስለሆነ፣ የዲናሞው ቀይ መብራት መንገድ ላይ ከበራ ሾፌሩ ወዲያው ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት አለበት። ትርፍ ቺንጊያ የሌለው ቮልስ አይመዝገብ።

ቁልቁለቱን በማሰብ የሚታየው ፍሬን ነው። አራቱም ታምቡሮች ተከፍተው የፍሬን ሸራው ውፍረት ይታይ፣ ዘይት የሚያፈስ ጎሚኒ ካለ ይቀየር። የፍሬን ዘይት ውኃ ከአየር ስለሚስብ ሲያረጅ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል፤ ሁለት ዓመት ያለፈው ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ። ከዚህ በተረፈ የጎማ ይዞታ፣ ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ሁለት ታኮ፣ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን፣ እሳት ማጥፊያና አሥር ሊትር ውኃ መኖራቸው ይረጋገጥ። የጠፋ ቡሎን ወይም የተበላ ቡሽ ቢገኝ ድሬዳዋ ላይ ችግር አይሆንም፤ በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ዙሪያ የእጅ ሙያ ያደገባት ከተማ ስለሆነች፣ ካታሎግ ውስጥ የሌለ ዕቃ በቶርኖ ተቀርጾ በማግሥቱ ይደርሳል።

ቅዳሜ፦ ደንገጎን መውጣት

ደካማ የሚባሉት መኪኖች ይቅደሙ፣ ጠንካሮቹ ይከተሉ፤ መካኒክና ውኃ የያዘው ፒክአፕ ከሁሉም ኋላ ይሂድ። በዚህ ቅደም ተከተል ማንም ብቻውን ወደ ኋላ አይቀርም። ፀሐይ ሳትከር ዳገቱ እንዲያልቅ የመጨረሻው መኪና ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት በፊት ተነሥቶ ይለቅ።

ከባሕር ወለል ከፍ በተባለ ቁጥር አየር ስለሚሳሳ ካርብሬተር ያለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ ቤንዚኑ ደግሞ ከአየሩ እየበዛ ይሄዳል፣ ጥቁር ጭስም ያወጣል። ለሁለት ቀን ሲባል ካርብሬተሩን ማፍረስ አያስፈልግም። የአየር ፊልትሮውን ማጽዳትና ሐረር ሲደረስ ሚኒሞውን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ማስተካከል ይበቃል። ሾፌሩ ዳገቱን ሞተሩ ሳያጉረመርም በሚጎትትበት ማርሽ፣ ብዙ ጊዜ በሁለተኛ፣ ይውጣ፤ በሦስተኛ ነዳጅ ረግጦ እያንቀጠቀጡ መውጣት ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል እንጂ ጊዜ አያተርፍም።

ሙቀት መለኪያው ቀይ ሲነካ ቦታ ፈልጎ መቆም፣ ሞተሩን ወዲያው ሳያጠፉ ጥቂት በሚኒሞ ማሠራት፣ ኮፈኑን መክፈትና የራዲያተሩን ክዳን ግን ጨርሶ አለመንካት ነው። ሌላም ጊዜ ሞተሩ ሳይግል፣ ነዳጅም ሞልቶ እያለ፣ ዳገቱ አናት ላይ ቆሞ ከተነሣ በኋላ ጠፍቶ እምቢ ሊል ይችላል፤ ይህ የሚሆነው በቤንዚን ፓምፑና በቧንቧው ውስጥ ያለው ቤንዚን በሙቀት ተንኖ ፓምፑ መሳብ ሲያቅተው ነው። ባትሪ እስኪደክም ሞተር ከማዞር እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጠቅልሎ ሩብ ሰዓት መታገሥ ይሻላል።

አንዱ መኪና ሲቆም የተቀሩት ሁሉ ሊረዱ መቆማቸው የወገን ወግ ነው፤ ጠባብ ኩርባ ላይ ግን አደጋ ነው። ስለዚህ የሚቆመው ፒክአፑ ብቻ ይሁን፣ ሌሎቹ በክላክስ ሰላምታ ሰጥተው ይለፉ። ለማስጠንቀቂያ ድንጋይና ቅጠል መንገድ ላይ መደርደርም በዚህ ራሊ ይከልከል፤ መኪናው ተነሥቶ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል፣ ማታ የሚመጣው ሌላው ይወድቅበታል።

ከደንገጎ እስከ ሐረር

ከመገንጠያው በኋላ ግማሽ ሰዓት እረፍት ይሰጥ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ሾፌሩን የሚፈትነው በሰው ብዛት ነው። አወዳይ የጫት ገበያ ከተማ ናት፤ ጭነቱን ትኩስ ለማድረስ የሚሮጡ መኪኖች ለማንም መንገድ አይለቁም፣ የድሮ መኪናም አያዩም። ከአወዳይ እስከ ሐረር ነጥብ አይያዝ፤ አማካይ ፍጥነት የሚቆጠረው ከአወዳይ በፊት ባለው መንገድ ላይ ብቻ ይሁን።

ሐረር ሲገባ ጁገል ውስጥ በሰልፍ ለመዞር አይታሰብ። የግንቡ ውስጥ መንገዶች ለእግረኛና ለአህያ የተሠሩ ናቸው፤ ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ ያለው ዋና መንገድ መኪና ቢያስገባም፣ እርሱም በሥራ ሰዓት የተጨናነቀ ነው። መኪኖቹ ከግንቡ ውጭ ይቁሙ፣ ሕዝቡም እዚያ ያያቸው፤ ጥበቃ ይቀጠር። ምሳና ማደሪያን በሚመለከት ከተማዋ አታሳፍርም፣ ማታ ጅብ ሲመገብ ለማየት የሚፈልግም መንገዱን ጠይቆ አያጣም።

እሑድ፦ መውረድ

ብዙ አዘጋጅ የእሑዱን ጉዞ እንደ ሽርሽር ይቆጥረዋል። የድሮ መኪና ግን ዳገት ላይ ቢደክም ይቆማል፣ ቁልቁለት ላይ ቢደክም አይቆምም። ስለዚህ ከደንገጎ አናት እስከ ድሬዳዋ ሰዓት አይያዝ፣ ነጥብም አይሰጥ።

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ቆሞ ፍሬኑን ይሞክር፣ ከዚያ በወጣበት ማርሽ ይውረድ፤ ዳገቱን በሁለተኛ የወጣ በሁለተኛ ይወርዳል። ፍሬኑ ላይ እግርን ጭኖ መውረድ ክልክል ነው፤ ጠንከር አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን ከቀነሱ በኋላ መልቀቅና ታምቡሩ እንዲተነፍስ ማድረግ ያስፈልጋል። ታምቡር ሲግል እየሰፋ ከሸራው ስለሚርቅ ፔዳሉ ወደ ታች መውረድ ይጀምራል፣ የተቃጠለ ሸራም ይሸታል። ከሁለቱ አንዱ ሲታይ ዳር ይዞ ጎማው ላይ ታኮ ማድረግ፣ ማርሽ ውስጥ መተው፣ የእጅ ፍሬን ግን አለመሳብ ነው፤ የጋለ ታምቡር በተሳበ ሸራ ላይ ሲቀዘቅዝ ቅርጹ ሊበላሽ ይችላል። ውኃም አይደፋበት፤ ይሰነጠቃል። በራሱ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ። ፒክአፑ እሑድ ዕለት ከፊት ይሂድ፣ የመኪኖቹም ልዩነት ከሦስት ወደ አምስት ደቂቃ ከፍ ይበል።

ነጥብ መቁጠር

ለእያንዳንዱ የዘገየ ደቂቃ አንድ የቅጣት ነጥብ፣ ቀድሞ ለተደረሰ ደቂቃ ደግሞ ሦስት ይያዝ። በዓለም አቀፍ ራሊም ቀድሞ መድረስ ከመዘግየት የከፋ ቅጣት አለው፤ ዘግይቶ የመጣ አልተመቸውም፣ ቀድሞ የመጣ ግን ቸኩሏል። በራሱ ዕቃና በራሱ እጅ ጠግኖ የቀጠለ ሾፌር የጥገናው ጊዜ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ይታሰብለት፤ በፒክአፕ የተጎተተ ከምድቡ ይወጣል። ነጥብ እኩል ከሆነ ዕድሜው የገፋው መኪና ይቅደም። ውጤቱ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት በወረቀት ይለጠፍ፣ ተቃውሞ ያለው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለዳኞቹ በጽሑፍ ያቅርብ።

ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱ ተሳታፊዎች እሑድ ማታ እንዳይነሡ በምዝገባው ወረቀት ላይ ይጻፍ። መንገዳቸው መልሶ በደንገጎ በኩል ስለሆነ፣ ሰኞ ጠዋት መካኒኩ ዘይትና ውኃቸውን አይቶ፣ የፍሬን ሸራቸውን አስተካክሎና የቸርኬ ቡሎናቸውን አጥብቆ፣ እንደ ቅዳሜው ደካማውን አስቀድሞ ከ1፡00 ሰዓት በፊት ያስነሣቸው።